የሚፈላ ሞተር፣ የማይሞላ ሳጥን

ፒክአፕ ያለው ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ ዕቃ ጫንልኝ የሚል ዘመድና ሳይጠየቅ የሚመክር ጎረቤት። ዘመዱ ብቅ የሚለው ቤት ሲቀይር ወይም ልጅ ሲድር ነው። መካሪው ግን ወቅት የለውም። ዘይት ለማየት ኮፈን መክፈት ይበቃል፤ ከየት መጣ ሳይባል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገብዎ ይቆማል። ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ይመረምርና፣ «ይቺ ዳገት ላይ ታፈላለች አይደል?» ይላል። አዎ ካሉት መድኃኒቱን ይነግርዎታል። ኧረ አታፈላም ካሉት ደግሞ፣ «ታፈላለች፤ ገና ጠባይዋን አላወቁትም» ይልዎታል።

የእኔዋ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣች፣ ነጭ፣ ደብል ጋቢና ሀይሉክስ ናት። ሞተሯ መካኒኮች «ስሪ ኤል» የሚሉት ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ሲነሳ ሰፈሩ ያውቃል። እንዲህ ያለች መኪና ከተማ ውስጥ እስከዋለች ድረስ ጨዋ ናት። ክፋቷ ባለቤቷን ማጀገኗ ነው። መሪውን የጨበጠ ሁሉ የማይደርስበት አገር ያለ አይመስለውም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ካርታ ይዘረጋል። ካርታ የዘረጋ የአዲስ አበባ ሰው ጣቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አፋር ላይ ነው።

አፋር ቀልድ አይደለም። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። አማካይ ማለት እንግዲህ ሌሊቱም፣ ንጋቱም፣ ቀዝቀዝ ይላል የሚባለው ወርም ሁሉ ተደምሮ ነው። ስለዚህ መኪናዋ መዘጋጀት አለባት። ዝግጅቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሞተሯ እንዳታፈላ ማድረግና ለዕቃው ቦታ ማበጀት። ለየብቻ ካሰቧቸው ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ሲገናኙ ነው። ሳጥኑ የሚሠራው ምን ሊይዝ ነው? መጠባበቂያ ውሃ፣ ኩላንት፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ጎማ፣ መፍቻ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ለስኮርታው ሌላ ስኮርታ። ይህ ሁሉ ለምን? ካፈላች ተብሎ። ለምን ታፈላለች? ስለከበዳት። ምን ከበዳት? ሳጥኑ። እዚህ ላይ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። ሰው ግን ቆም የሚለው ትልቅ ራዲያተር ሊጠይቅ ሶማሌ ተራ ሲደርስ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ናፍጣ ተቃጥሎ የሚሰጠው ኃይል በደምሳሳው ሲከፋፈል የድሮውን የመሬት ድልድል ይመስላል። ሲሶው በማርሚታ ወጥቶ አየር ላይ ይበተናል፤ ሲሶው ውሃውን አሙቆ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ጎማ የሚያዞረው የቀረው ሲሶ ነው። ነጋሹና ቀዳሹ ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ አራሹ ጭነቱን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ሜዳ ላይ ብዙ አያስጨንቅም፤ መኪናው ስለሚሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል። የአባይ በረሃ ላይ ግን ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ድልድዩ ይታለፍና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ታች ያለው አየር ትኩስ ነው፣ ማርሹ ሁለተኛ ነው፣ ፊት ለፊት የሚያዘግመው ባለ ተሳቢ ሲኖትራክ ነው። ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን በመንገድ ዳር የሚሄዱትን ፍየሎች አያስደነግጥም። ነፋስ የሚባል ነገር ከቬንትሌተሩ በቀር ከየትም አይመጣም።

ከፍታውም የራሱ ተንኮል አለው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ የቀቀለ ሰው ያውቀዋል። የጤነኛ ሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ነው። እንግዲህ ውሃው ክፍት ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ምንም ሳይታመም፣ ገና ሥራ ሲጀምር ያፈላ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ «0.9» ወይም «1.1» የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 በትክክል የሚይዝ ክዳን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የውሃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የውስጥ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ጌጥ ነው። ከመካሪዎቼ ራዲያተር ቀይር ያለኝ አለ፤ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር አስገባ ያለኝ አለ፤ ኮፈኑን ቀዳደህ አየር አስገባው ያለኝም አለ። ክዳን ቀይር ያለኝ ግን አንድም የለም። ርካሽ ነገር ለምክር አይመችም፤ መካሪውን ያሳንሰዋል።

ከዚያ ቴርሞስታቱ መጣ። መካኒኬ ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታ ይናገራል። በቴርሞስታት ጉዳይ ግን አቋም አለው።

«ጋሼ፣ ይቺን እናውጣት» አለኝ፤ በሁለት ጣቱ ይዟታል።

«ለምን?»

«ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው። ውሃውን ያግደዋል። እዚህ አገር ምን ይሠራል?»

የጋራዡ መስኮት ላይ አንድ የወተት ጣሳ አለ፤ ከሌሎች መኪኖች በዚሁ ክስ የተባረሩ ቴርሞስታቶች ሞልተውበታል። ውስጡ ሰም ያለበት ይህ ትንሽ ዕቃ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ይገፋዋል፣ ወደ ራዲያተር የሚወስደውም መንገድ ይከፈታል። መካኒኬ የሚረሳው ሁለተኛ ሥራውን ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ በታችኛው ዲስኩ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ተመልሶ ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ናፍጣ ይበላል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «እንደፈቀዱ ጋሼ፤ አባይ ላይ ሲቆሙ ይደውሉልኝ» ብሎ መልሶ ገጠማት።

ራዲያተሩን ለማየት ከቦታው ሲያወጣው አብሮ የወጣውን ጉድ መንገር አለብኝ። በኤሲው መረብና በራዲያተሩ መሀል ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት አለች። እሷ ውስጥ የተጋገረ ነገር ነበር። አፈሩ መሠረት ነው። በአፈሩ ላይ የጤፍ እብቅ፣ በእብቁ ላይ የአንበጣ ክንፍ፣ የቢራቢሮ ትቢያ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ላባ። የየትኛው ወፍ እንደሆነ አላውቅም። በአጨዳ ወራት በገጠር መንገድ ያለፈ መኪና ሁሉ የየወረዳውን እብቅ ይዞ ይመለሳል። አየር በዚህ አልፎ እንዲያበርድ መጠበቅ ግፍ ነው። ማስወገጃው ቀላል ነው፤ በተራ የውሃ ጎማ፣ ከሞተር በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ ማጠብ። ከፊት ወደ ኋላ የታጠበ እንደሆነ እብቁ የበለጠ ይሰነቀራል። የሰፈራችን የላቫጆ ልጆች ሥራ ይወዳሉና በግፊት ማሽናቸው በቅንነት ቢደርሱለት ስስ ስስ ክንፎቹን አጣጥፈው እንደ አዲስ ግድግዳ ያበጁለታል።

ከዚያም አየሩን የሚሰበስበው የፕላስቲክ ከለላ የለም። ቬንትሌተሩን ዙሪያውን የሚያቅፈው ማለቴ ነው፤ እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ በኩል አየር መሳብ ትቶ እዚያው አጠገቡ ያለውን ትኩስ አየር ሲያማስል ይውላል። በአንዱ ጥገና ጊዜ «አያስፈልግም» ተብሎ የቀረ መሆን አለበት። ከለላው ሶማሌ ተራ ውስጥ ተገኘ፤ ዋጋውን የነገረኝ ሰው ፊቴን አይቶ ሻይ አዘዘልኝ።

ራዲያተር የመረጥኩትም እዚያው ነው። አንደኛው ሻጭ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም አቀረበ። ማማሩ ማማር ነው። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ አሉሚኒየምን ያስከነዳል፤ አሉሚኒየም ግን ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ቱቦዎቹን ሰፋ አድርጎ መሥራት ይቻላል፣ በዚህም እኩል ይወጣል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ድንጋይ ቢበሳውስ? መዳቡን የትም ከተማ ያለ ራዲያተር ሠሪ በቀለጠ እርሳስ ይደፍነዋል፤ ሚሌም ይሁን ሎግያ አንድ ሰው አይታጣም። አሉሚኒየም ላይ፣ ይልቁንም ላይና ታቹ ፕላስቲክ የሆነው ላይ፣ እሳቱን ይዞ ቢመጣ ማጽናናት እንጂ መጠገን አይችልም። ባለ ሁለት ረድፉን በባለ ሦስት ረድፍ መዳብ ለወጥኩት። አራት ረድፍም ነበር፤ ሲወፍር አየር ስለማያሳልፍ ተውኩት። ሻጩ አዘነብኝ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የቀረው ከፊት ያለው ብረት ነው። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ፊቷ ላይ በግ የሚያስቆም ብረት አለ፤ በብረቱ ላይ የቀድሞው ባለቤት አራት ፓውዛ ደርድሯል። በደንብ ካዩት አራቱም የተተከሉት ልክ ራዲያተሩ ፊት ነው። አየሩ ገና ከደጅ ይመለሳል። ሁለቱን አነሳኋቸው። መኪናዋ ግርማ ሞገሷ ቀነሰ ያሉኝ አሉ። ትንሽ እውነት አላቸው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቶዮታ ሙቀት መለኪያ ደግ ነው። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ቢል እንኳ መርፌው መሀል ላይ ተረጋግቶ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሾፌር አይጨነቅ ተብሎ። ከመሀል ተነስቶ ሽቅብ ሲል ካዩት ነገሩ ቆይቷል። ስለዚህ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ አስገጠምኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም የለም። መለኪያው የተገጠመው ባለቤቴ በምትቀመጥበት በኩል ነው፤ እሷ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች።

አንድ ጊዜ ወደ ጎጃም ስንሄድ፣ አባይ በረሃን ስንወጣ እንዲህ ሆነ።

«91» አለች።

«ደህና ነው።»

«94።»

«ይሁን፣ ዳገት ነው።»

«97! አንተ፣ 97 እኮ አለ! ትኩሳት ቢሆን ሆስፒታል ነበርን።»

ኤሲውን አጠፋሁ። 99 ስትል የመጨረሻውን መድኃኒት አወጣሁ፤ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፈትኩት። ማሞቂያው ውስጥ ያለችው ትንሽ መረብ ሁለተኛ ራዲያተር ናት፤ ከሞተሩ ውሃ ሙቀት ወስዳ ወደ ጋቢና ትነፋለች። ለሞተሩ እፎይታ ነው። ለተሳፋሪ ግን አስቡት፤ ቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ቦታው አባይ በረሃ፣ ከእግር ሥር እሳት የመሰለ ነፋስ። ከኋላ የተቀመጡት አክስቴ ነጠላቸውን አውርደው፣ «ልጄ፣ መኪናዋን ልታድናት እኛን ጨረስከን» አሉ። ቁጥሩ ወደ 95 ወረደ። ደጀን ስንደርስ ሁላችንም ታጥበን የወጣን መስለን ነበር፤ ከሁላችን ደረቅና ጤነኛ ሞተሯ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ድሮ ካሶኒው ላይ የሚጫን ነገር በሸራ ተሸፍኖ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር ተደርጎ ይታሰር ነበር። ከመነዳሪ ጥሩ ነገር ነው፤ ይለጠጣል፣ አይላላም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ጉድለቱ ክሪክ በፈለጉ ቁጥር ጭነቱ በሙሉ መፈታቱ ነው። ጎማ የሚፈነዳው ሁልጊዜ ክሪኩ ከሥር በሆነ ቀን ነው። ስለዚህ መሳቢያ አሠራሁ። የምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች ከበርሜል ቆርቆሮ ሳጥን ሲሠሩ ማየት የሚወድ ሰው እዚያ ሄዶ ጊዜውን ያጥፋ፤ መሀንዲስ የማይደፍረውን ልኬት በዓይናቸው ይቆርጣሉ። እኔ ግን ክፈፉን በስስ ብረት አስበየድኩና መሳቢያዎቹን አናጢ በፕላይውድ ሠራቸው። ሁለት ናቸው፤ በኩሽኔታ ላይ ይንሸራተታሉ። በግራው መፍቻና የመኪና ዕቃ፣ በቀኙ ምጣድ፣ ቡና፣ ረከቦትና የናፍጣ ታንከር ቢበሳ የሚለጠፍ ሳሙና።

ክብደት ዕውቀት ይጠይቃል። ከባዱ ነገር ወደ ታችና ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከኋላው አክሰል ቀደም ብሎ መቀመጥ አለበት። ከአክሰሉ ኋላ ከሆነ ባሌስትራው ይጎብጣል፣ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣው ደግሞ ቀላል ነገር ብቻ ነው፤ ፍራሽ፣ ድንኳን። እዚህ አገር ግን ፖርቶመጋላ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ጄሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ አምስቱ አንድ ኩንታል ናቸው። አንድ ኩንታል አናቷ ላይ ተሸክማ ኩርባ የምትዞር መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጸሎት ይማራል።

አቧራው ሌላ ፈተና ነው። የካሶኒው ሽፋን ቢዘጋ፣ በሩ ቢቆለፍ፣ ጠጠር መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ከተሄደ በኋላ መሳቢያው ሲከፈት ቡናው ከአፈር አይለይም። ምክንያቱም የሚሮጥ መኪና ከኋላው አየር ያሳሳል፤ አቧራውም በስፖንዳው ስንጥቅ ተስቦ ይገባል። የስንጥቁን ዙሪያ በበር ጎማ ማሸግ ግማሽ መፍትሔ ነው። ሌላው ግማሽ ለሰው ሲነግሩት የሚያስቅ ነው፤ ከፊት በኩል፣ ሽፋኑ አናት ላይ፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ መክፈት። ንጹሁ አየር ከፊት እየገባ ውስጡን ሲሞላው አቧራው ከኋላ የሚገባበት ቦታ ያጣል። አናጢው አቧራ እንዳይገባ ቀዳዳ ክፈትልኝ ስለው ባለቤቴን ዞር ብሎ አያት።

እንዲህ ተጣጥሞ የተሠራ ነገር የሚፈርሰው ከአፋር በመልስ ጉዞ ነው። በመሄጃው ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። በመመለሻው ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት አለ፤ ርካሽ ነው ተብሎ አንድ ጆንያ፣ ለጎረቤት ሌላ ጆንያ። ጣርማበር ላይ ሲደረስ በግ አለ። ጣርማበር ብርድ ስለሆነ ሞተሯ አታፈላም፤ ግን በጉ መሳቢያ ውስጥ አይገባም። እኔ ለበግ አላሰብኩለትም ነበር፤ በአውስትራሊያም በደቡብ አፍሪካም የበረሃ መኪና የሚያሰናዱ ሰዎች ሲሠሩት ባየሁት ንድፍ ሁሉ የበግ ቦታ የለም። በጉ ከመሳቢያው በላይ፣ በሽንኩርቱ ላይ ቆሞ፣ ነፋስ ማስገቢያው ላይ አፍንጫውን አድርጎ አዲስ አበባ ገባ።

በማግሥቱ የእድራችን ዳኛ መጡ። መኪናዋ የእድሩም ናት፤ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የምታመላልሰው እሷ ናት። ካሶኒውን ከፍተው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ነገር ይነቀላል?»

«አይነቀልም ጋሼ፤ በብሎን ነው የታሰረው።»

«ታዲያ ወንበሩ የት ሊጫን ነው?»

«ከላዩ ይጫናል፤ ችግር የለውም።»

ዝም ብለው የግራውን መሳቢያ ሳቡት። ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። ገፉት፤ ተመለሰ። እንደገና ሳቡት። «ብርጭቆ አይሰብርማ ይሄ» አሉ ለራሳቸው። ወዲያው የእድሩን ጸሐፊ ጠርተው አስመዘገቡ፤ ብርጭቆና ሲኒ በግራ፣ ማንኪያና ጭልፋ በቀኝ፣ ቁልፉ በዳኛው እጅ። ክሪኩና ቺንጋው ከወንበር ሥር ገብተዋል፤ መለኪያዋን ባለቤቴ አሁንም ታነባለች። ባለ ሦስት ረድፉ መዳብ ከእድር ቤት እስከ ለቅሶ ቤት ባለው መንገድ አንድም ጊዜ ከ88 ዲግሪ አላለፈም።